ፈቃዱ ያለቀበት ኩርባ

ክቡር ፍርድ ቤት፣ በላ ልበልሃ ቀርቷል ይባላል፤
ጠበቃ የሌለው ሰው ታዲያ በምን ይሟገታል?

ስሜ አበጋዝ ይመር፣ ሥራዬ መካኒክ፤
ሀብቴ አንድ ቱታ ነው፣ አንድ የዛገ ክሪክ።
ክሱን ሰምቻለሁ፣ ብዙው እውነት አለው፤
ሰዓቱም ልክ ነው፣ ታርጋውም የሱ ነው።
«ያለ ባለቤቱ ፈቃድ» የምትለው ቃል ግን
ዳገት ላይ የቆመች መኪና ነች፤
ድንጋይ እናስይዛት፣ እንዳትንሸራተትብን።

አቶ አራጋው ፈንታው አይሱዙውን አምጥቶ
ቁልፉን ወረወረልኝ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ፤
«ቁልቁለት አይዝም፤ ሸራው ሳያልቅ አይቀርም።
ሠርተህ ሞክርልኝ። ሰኞን ባቲ ነኝ፣ አልኖርም።»
ይኸው ነው ቃሉ፤ ሌላ ቃል የለውም።
ሞክር ብሎኛል። እስከ የት፣ አላለም።

ኮምቦልቻን ያውቁታል፤
ሜዳ ላይ ፍሬኖች ሁሉ ታማኝ ናቸው፣ ይይዛሉ፤
እንደ ሰው ነው እኮ፣ ሲደላው ማን ይከዳል?
የፍሬን እውነቱ ሐረጎ ላይ ይለያል።
ለመውረድ ደግሞ አስቀድሞ መውጣት አለ፤
ይህን ሕግ እስካሁን ማንም አልሻረ፣ ማንም አልከለከለ።

ወጣሁ። አንደኛው ኩርባ ላይ ፈቃዱ አብሮኝ ነበረ፤
ሁለተኛው ላይ ጉም ወርዶ መንገዱን አጠረ።
ሦስተኛው ላይ አህዮች አሳለፍኩ፣ አራተኛው ላይ ወርጄ ጎማ መታሁ፣
አምስተኛው ላይ ዘይት አሸተትኩ፤
እስከዚያ ሠራተኛ ነበርኩ፣ እምላለሁ።
ዐቃቤ ሕጉ ይንገሩኝ፤ የቱ ኩርባ ላይ ነው
ፈቃዱ እንደ ነዳጅ ጠብ ብሎ ያለቀው?
የትኛው ድንጋይ ጋ፣ የትኛው ባሕር ዛፍ ሥር፣
ሠራተኛው ወርዶ ሌባው የተሳፈረው
የስንተኛው ማርሽ ሲቀየር?

አሁን ደግሞ ያልተጠየቅኩትን። የታፈነ እውነት ጎማ ነው፣ ሲግል ይፈነዳል፤
ከኋላ ጭነት ነበረ። ይመዝገብ ይባል።
አልጋ። የእህቴ የዘሀራ።
አናጢው ኮምቦልቻ፣ ሙሽራው ደሴ ሮቢት፣
ሠርጉ በማግስቱ፣ የጭነት ዋጋ ሰማይ የነካበት።
«ባዶ መኪና ፍሬኑ አይፈተንም፣ ክብደት ይፈልጋል» አልኩ።
እውነት ነው። ግን ይህ እውነት የታየኝ
አልጋውን ካየሁ በኋላ ነው። እዚህ ጋ አፈርኩ።

ቫርኒሹ ያልደረቀ፣ ሁለት ርግብ የተቀረጸበት፤
ቧንቧ ውሃ ስደርስ ነው ትራፊኩ «የማን ነው?» ያለበት።
«አልጋው? ወይስ መኪናው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ እሱ ነው የጎዳኝ፤
ሹፈት መሰለው፤ ወደ ጣቢያ ነዳኝ።
አልጋው ማስረጃ ተብሎ ጣቢያ ግቢ ሦስት ሌሊት አደረ፤
ዘሀራ በፍራሽ ተዳረች፤
የርግቦቹ ቫርኒሽ በዝናብ ታጥቦ ቀረ።

በጥፋቴ ልክ ቅጡኝ፤ የጭነቱን ልክፈል።
ሳያስፈቅድ አልጋ ጫነ በሉኝ፤ ያንን ልቀበል።
መኪና ይዞ ጠፋ ግን አትበሉኝ፤
የሚጠፋ ሰው ፍሬን አያጠብቅም፤
የሚሸሽ ሰው መቆሚያውን ሠርቶ አይሄድም።

ደግሞም ይኸው፣ አቶ አራጋው ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤
ዛሬ በምን መጣ? በዚያው አይሱዙ ሐረጎን ወጥቷል።
ማታ ይወርዳል። እግሩን ይጭናል። ይይዝለታል።
ክቡር ፍርድ ቤት፣
ሰውየው እጄን ከሶ ፍሬኔን ያምናል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ፤
«ለሐምሌ ዘጠኝ» አሉና መዝገብ ዘጉ።

ውጭ ዝናብ። መናኸሪያው ሩቅ ነው።
አይሱዙው መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ አልጮኸም ፍሬኑ፤
«ኮምቦልቻ ነህ? ግባ» አለኝ፣ ሳያየኝ ወደ ጎኑ።
እጄ በሩ ላይ ቀረ። ውሃው በአንገቴ ይገባል።
«በጽሑፍ ስጠኝ» አልኩት።
የሳቀ መሰለኝ።
መጥረጊያው ብቻ፣ መስታወቱ ላይ፣ ይመላለሳል።